የኦምዱርማኗ አሮጊት፦ አል-ፋዲል ሰዒድና የሱዳን ቀልድ

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የካርቱም ሲኒማ ቤቶች ሥራ አልፈቱም። የሆሊውድ፣ የቦምቤይና የካይሮ ፊልሞች ይፈራረቁባቸው ነበር፤ ግብፃዊው ኢስማዒል ያሲንም ስሙን የፊልሞቹ ርዕስ እስከማድረግ ደርሶ ዓረብኛ ተናጋሪውን ሁሉ ያስቅ ነበር። የሱዳን ተመልካች ግን የአገሩን ሰው በአገሩ አነጋገር ሲቀልድ በሸራው ላይ ለማየት ገና አልታደለም። የመጀመሪያው የሱዳን ረጅም ልብ ወለድ ፊልም የወጣው በ1970 ነው። እስከዚያ ሳቁን የተሸከሙት መድረክና በ1940 የተከፈተው የኦምዱርማን ሬዲዮ ናቸው። ከተሸከሙት ሰዎች ደግሞ ግንባር ቀደሙ አል-ፋዲል ሰዒድ ነበር።

አል-ፋዲል ከራሱ ስም ይልቅ በፈጠራቸው ገጸ ባሕርያት ታወቀ። አል-ዐጀብ አንዱ ነው። ዝናዋ የገነነላት ግን ቢት ገዲም የተባለችው አሮጊት ናት። ወጣቱ ተዋናይ የሱዳን ሴቶች የሚለብሱትን ቶብ ተከናንቦ፣ ድምፁን ለውጦ፣ ምላሷ የማይታሰር ባልቴት ሆኖ ይወጣል። በዕድሜ የገፋች ሴት የፈለገችውን ብትናገር የሚቆጣት የለም፤ እሱም ይህን ፈቃድ በሚገባ ተጠቀመበት።

ወንድ ሴት ሆኖ መጫወቱ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ኮሪያ ድረስ ሄደው የቃኘው ሻለቃን ወታደሮች ያዝናኑት ተስፋዬ ሳህሉ፣ በኋላ ልጆች አባባ ተስፋዬ ያሏቸው፣ በአዲስ አበባ መድረክ ሴት ሆነው ተውነዋል። እሳቸውን ያስገደዳቸው የሴት ተዋንያን እጦት ነው። በሱዳን ግን እነ ፋኢዛ ዓምሲብና ተሕያ ዘሩቅ መድረኩን ከያዙ በኋላም ቢት ገዲም ቦታዋን አልለቀቀችም። በእኔ እምነት የአል-ፋዲል ትልቅነት የሚለካው እዚህ ላይ ነው፤ አሮጊቷ የጎደለ ተዋናይ መሙያ ሳትሆን በራሷ የቆመች ሰው ነበረች።

በ1960ዎቹ መጨረሻ በኦምዱርማን ብሔራዊ ቴአትር መደበኛ የቴአትር ወቅት ሲጀመር «አክል ዐይሽ» የተሰኘ ተውኔቱን ይዞ ቀረበ፤ እንጀራ ፍለጋ እንደማለት ነው። የመንግሥትን መድረክ ብቻ ሲጠብቅ አልኖረም። የራሱን ቡድን አቋቁሞ ከዋና ከተማው ውጪ ላለው ተመልካች ቴአትር ይዞ ይዞር ነበር። በ1983 የሸሪዓ ሕግ ሲታወጅ፣ በ1989 ደግሞ የጦር መኮንኖች ሥልጣን ሲይዙ የኪነ ጥበቡ ኑሮ ጠበበ፤ ሲኒማ ቤቶች ተራ በተራ ተዘጉ። እሱ መዞሩን አልተወም። በ2005 ያረፈውም ከኦምዱርማን ርቆ፣ ለሥራ በሄደበት በፖርት ሱዳን ነው።

በዚያው ዘመን የነበረ የአሜሪካ ኮሜዲያን ፊልሙ ተባዝቶ በብዙ አገር ይቀመጥለታል። የሱዳን ኮሜዲያን ሥራ ግን በአብዛኛው የተቀዳው በኦምዱርማን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ነው። ሚያዝያ 2023 በአገሪቱ ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሎች መካከል ጦርነት ሲፈነዳ የጣቢያው ቅጥር ግቢ በፈጥኖ ደራሾቹ እጅ ወደቀ፤ ጦሩ መልሶ የያዘው መጋቢት 2024 ነው። ለ11 ወራት ያህል የጦር ሜዳ የሆነው ቦታ የአንድ ሕዝብ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የተጠራቀመ ድምፅና ምስል ማኅደር ነበር። ዛሬ በካይሮ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ ከተማ በስደት ያሉ ሱዳናውያን እጅ የቢት ገዲም ካሴት ካለ፣ ሳይውል ሳያድር ሊገለበጥ ይገባዋል።