ካርታው ከገበሬው ማሳ ሲደርስ

«ከተማ» የሚለው ቃል በጥንቱ አገባብ የንጉሥ ወይም የጦር ሠፈር ማለት ነበር። ሰው አስቀድሞ ይከትማል፤ ቀያሹና ካርታው በኋላ ይመጣሉ። የምዕራብ ጎጃም ከተሞች ታሪክም ይኸው ነው። ቡሬን ያሳደጋት ዓባይን ተሻግሮ ከወለጋ ጋር የሚያገናኛት ንግድ ነው፤ ጣሊያንም እስከ 1933 ዓ.ም. መሽጎባታል። የቀድሞዋ ወጀት ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስም ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አግኝታለች፤ ዛሬ የዞኑ ዋና ከተማ ናት።

ከተማ ሲሰፋ ግን የሚሰፋው በሰው ማሳ ላይ ነው። በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ የተመረቀው የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም ጥያቄውን አጉልቶታል። አዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ የአማካይ ዓመታዊ ገቢውን 10 እጥፍ ካሳ ፈቅዶ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስሌቱን ወደ 15 እጥፍ አሳደገው። መልካም ነው፤ ነገር ግን ካሳ የሚሰላው ውሳኔው ካለቀ በኋላ ነው።

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ኅብረተሰቡ በፕላን ዝግጅት እንዲሳተፍ ደንግጓል። በእኔ እምነት ይህ «ኅብረተሰብ» ከከተማው ወሰን ውጭ ያለውን ባለማሳ ካልጨመረ ተሳትፎው ጎዶሎ ነው። ገበሬው ካርታውን ማየት ያለበት ችካሉ ከመተከሉ በፊት ነው።