ስምንት ዓመት በባላንጣ ሜዳ፦ ማንችስተር ዩናይትድ በጦርነቱ ዘመንና በማግስቱ

ማንችስተር ዩናይትድ በ2025 100,000 ተመልካች የሚይዝ አዲስ ስታዲየም የመገንባት ዕቅዱን ይፋ ካደረገ ወዲህ አንድ ክርክር አልበረደም፦ "ኦልድ ትራፎርድ ከሌለ ዩናይትድ ያው ዩናይትድ ይሆናል ወይ?" ለዚህ ጥያቄ ታሪክ መልስ አለው። ኦልድ ትራፎርድ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ፈርሷል፤ ያውም በቦምብ። ክለቡ ያኔ ምን ሆነ? እንዴትስ ተረፈ? ዛሬ ይዘንላችሁ የቀረብነው ይህንን ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሊጉ በሶስተኛው ጨዋታ ቆመ

የ1939/40 የውድድር ዘመን ገና መጀመሩ ነበር። ዩናይትድ ግሪምስቢን 4 ለ 0 አሸነፈ፣ ከቼልሲ ጋር 1 ለ 1 ተለያየ፣ ሴፕቴምበር 2 ቀን ደግሞ ለንደን ላይ በቻርልተን 2 ለ 0 ተረታ። በማግስቱ ብሪታኒያ በጀርመን ላይ ጦርነት አወጀች። ሊጉ ተቋረጠ። ተጫዋቾች ገሚሱ ወደ ጦር ሠራዊት፣ ገሚሱ ወደ ፋብሪካ ተበተኑ።

እግር ኳስ ግን ጨርሶ አልጠፋም። በየአካባቢው የተከፋፈሉ የጦርነት ጊዜ ውድድሮች ተጀመሩ። ክለቦች በአቅራቢያቸው ባለ የጦር ካምፕ የሚያገለግል የሌላ ክለብ ተጫዋች በእንግድነት ማሰለፍ ይችሉ ነበር። ዛሬ ለአንድ ክለብ፣ ነገ ለሌላ መጫወት የተለመደ ነገር ሆነ።

የአለንቢ ቺልተንን ዕጣ ተመልከቱ። ይህ ተከላካይ ለዩናይትድ የመጀመሪያ የሊግ ጨዋታውን ያደረገው በዚያው የቻርልተን ሽንፈት ላይ ነው። ሊጉ በሙሉ የተመለሰው በኦገስት 1946 ነውና ሁለተኛውን ለማግኘት ሰባት ዓመት ገደማ መጠበቅ ነበረበት። በመሃል ኖርማንዲ ዘምቶ ቆስሏል።

ማርች 11፣ 1941

ኦልድ ትራፎርድ የቆመው ለጦርነት ምርት ቀን ከሌት ከሚሰራው የትራፎርድ ፓርክ የኢንዱስትሪ መንደር አጠገብ ነው። የጦር አውሮፕላንና የአውሮፕላን ሞተር የሚመረተው እዚያ ነበር። ስለዚህ የጀርመን ቦምብ ጣዮች ወደ ፋብሪካዎቹ ሲመጡ ስታዲየሙም አልተረፈም። ማርች 11 ቀን 1941 ሌሊት ዋናው ጥላ ፎቅ ከነመልበሻ ክፍሉና ከነቢሮው ወደመ።

ከዚያ በኋላ ዩናይትድ ቤት አልባ ሆነ። ማንችስተር ሲቲ የራሱን ሜዳ ሜይን ሮድን ከፈተለት። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ይታወቅ፤ ሲቲ ያስጠጋው በነፃ አይደለም። ዩናይትድ በዓመት 5,000 ፓውንድ ኪራይ፣ በዚያ ላይ ከመግቢያ ገቢው ድርሻ ይከፍል ነበር። ክለቡ የባንክ ዕዳም ነበረበት። ሊቀመንበሩ ጄምስ ጊብሰን ክለቡን በ1931 ከመዘጋት ያዳኑ ሰው ናቸው። አሁን ደግሞ የክለቡ የቢሮ ሥራ እሳቸው ድርሻ በነበራቸው የማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ እንዲካሄድ ሆነ።

የሲቲው ልጅ ዩናይትድን ተረከበ

በ1945 ጊብሰን ለዚህ ክለብ አሰልጣኝ ፈለጉ። የመረጡት በሲቲ ማሊያ በ1934 የኤፍ ኤ ካፕ ያነሳውን፣ በኋላም ለሊቨርፑል የተጫወተውን ስኮትላንዳዊ ማት በዝቢን ነው። ዕድሜው ገና 36፣ አሰልጣኝ ሆኖም ክለብ መርቶ አያውቅም።

በዝቢ ግን ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። አሰላለፉን፣ ልምምዱንና ዝውውሩን እኔ እወስናለሁ አለ። በዚያን ጊዜ በብዙ ክለቦች በዚህ ሁሉ ጉዳይ እጃቸውን የሚያስገቡት የቦርድ አባላት ነበሩ። የሶስት ዓመት ኮንትራት ሲቀርብለት አምስት ጠየቀ፤ አገኘም። ረዳቱ ያደረገው ጂሚ መርፊን ነው። ከዚያ በፊት በጦርነቱ ወቅት ጣሊያን፣ ባሪ ከተማ ውስጥ መርፊ ለወታደሮች ስለ እግር ኳስ ሲናገር ሰምቶት ወዶት ነበር።

የመግዣ ገንዘብ እንደልብ አልነበረም። ከሴልቲክ በ4,000 ፓውንድ ከመጣው ጂሚ ዴላኒ በስተቀር በዝቢ የሰራው በአብዛኛው ባገኘው ልጅ ነው። ታዲያ ምን አደረገ? ቦታ ቀየረ። ፊት ላይ ይጫወቱ የነበሩትን ጆኒ ኬሪንና ጆን አስተንን ወደ ኋላ መስመር አወረዳቸው፣ ሁለቱም ምርጥ ተከላካይ ወጣቸው። ኬሪ ጦርነቱ ውስጥ ካልገባችው አየርላንድ መጥቶ በብሪታኒያ ጦር ያገለገለ ሲሆን የቡድኑም አምበል ነበር።

"የሜዳችን ጨዋታ" ሊቨርፑል ከተማ ላይ

የ1948 የኤፍ ኤ ካፕ ጉዞ የዚያን ዘመን ኑሮ ያሳያል። ዩናይትድ አስቶን ቪላን ከሜዳው ውጪ ገጠመ። ጨዋታው በተጀመረ በ15 ሰከንድ ውስጥ ጎል ተቆጠረበት። ዕረፍት ሲወጡ ግን 5 ለ 1 እየመራ ነበር፤ ቪላ እስከ 5 ለ 4 ተጠጋና ጨዋታው 6 ለ 4 አለቀ።

ቀጥሎ በሜዳው ሊቨርፑል ደረሰው። ሜይን ሮድ በሲቲ ጨዋታ ተይዞ ስለነበር ዩናይትድ "የሜዳውን" ጨዋታ ያደረገው እዚያው ሊቨርፑል ከተማ፣ በኤቨርተኑ ጉዲሰን ፓርክ ላይ ነው። 3 ለ 0 አሸነፈ። ቻርልተንን ደግሞ "በሜዳው" ሃደርስፊልድ ላይ 2 ለ 0 ረታ። ከዚያ ፕሪስተንን 4 ለ 1፣ ደርቢን በስታን ፒርሰን ሐትሪክ 3 ለ 1 አለፈ።

ኤፕሪል 24 በዌምብሌይ ፍፃሜ እነ ስታንሊ ማቲውስን የያዘው ብላክፑል እስከ 70ኛው ደቂቃ ገደማ 2 ለ 1 ይመራ ነበር። ጃክ ራውሊ ሁለተኛ ጎሉን አስቆጥሮ አቻ አደረገ፣ ፒርሰንና አንደርሰን ጨመሩ፣ 4 ለ 2! ከ1909 ወዲህ የመጀመሪያው የኤፍ ኤ ካፕ ዋንጫ ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት የቆሰለው ስታዲየም ያን ቀን ገና ፍርስራሽ ነው። የቻርልተኑ ሽንፈት ተሰላፊ ቺልተን ግን ዌምብሌይ ላይ ዋንጫ አነሳ።

ደጋፊውስ? ጃንዋሪ 17 ቀን 1948 ዩናይትድ ከአርሰናል ጋር 1 ለ 1 ሲለያይ ሜይን ሮድ የገባው ሕዝብ 83,260 ነበር። ይህ ቁጥር እስካሁን የእንግሊዝ ሊግ ክብረ ወሰን ነው። በ2018 ቶተንሃም ከአርሰናል ዌምብሌይ ላይ ሲጫወቱ 83,222 ሰው ገብቶ በ38 ሰው ብቻ ሳይሰበር ቀረ። አስቡት፣ የሊጉን ትልቁን የተመልካች ቁጥር ያስመዘገበው ባለሜዳ የራሱ ሜዳ አልነበረውም!

ወደ ቤት

የጦርነት ጉዳት ኮሚሽን ፍርስራሹን ለማንሳት 4,800፣ መልሶ ለመገንባት ደግሞ 17,478 ፓውንድ ሰጠ። ኦገስት 24 ቀን 1949 ዩናይትድ በኦልድ ትራፎርድ ቦልተንን 3 ለ 0 አሸንፎ ተመለሰ፤ 41,748 ሰው ተገኝቷል። ዋናው ጥላ ፎቅ ግን ያን ቀን ገና ጣሪያ አልነበረውም። ክለቡ ከጦርነቱ በኋላ በነበሩት አምስት የውድድር ዘመናት አራቴ ሊጉን ሁለተኛ ሆኖ ከጨረሰ በኋላ፣ በ1952 አርሰናልን 6 ለ 1 አሸንፎ ከ1911 ወዲህ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ አነሳ።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ ስንመለስ፦ ኦልድ ትራፎርድ ፈርሶ በነበረባቸው ዓመታት ዩናይትድ አሰልጣኙን አገኘ፣ ቡድኑን ሰራ፣ ዋንጫም በላ። ሜዳ ማጣቱ በኪራይም በእንግልትም አስከፍሎታል፤ ክለቡን ግን አላጠፋውም። "ስታዲየሙ ከፈረሰ አለቀልን" የሚል ጓደኛ ካላችሁ ይህን ላኩለት።