አንድሮሜዳ፤ በባዕዳን ሕልም የታሰረች ልዕልት

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ በሚጠራበት በኅዳር ወር ምሽት፣ ፊቱን ወደ ሰሜን መልሶ ሽቅብ ለሚመለከት ሰው አንድ ጥንታዊ ቤተሰብ ይታየዋል። አባቱ ኬፌዎስ፣ እናቲቱ ካሲዮፔያ፣ ልጃቸው አንድሮሜዳ ይባላሉ፤ ሦስቱም የከዋክብት ስብስብ መጠሪያዎች ናቸው። የዐረብ ሊቃውንት ልጅቱን «በሰንሰለት የታሰረችው ሴት» ብለው ሰይመዋታል። የእኛ ጉዳይ ከከዋክብቱ አይደለም፤ ከልጅቱ ነው። ግሪኮች ኢትዮጵያዊት ብለዋታልና።

ታሪኩ አጭር ነው። የኢትዮጵያው ንጉሥ የኬፌዎስ ሚስት ካሲዮፔያ ከባሕር ደናግል ሁሉ በውበት እበልጣለሁ ብላ ተመጻደቀች። የባሕሩ አምላክ ፖሴይዶን ተቆጥቶ ጎርፍንና አውሬን በአገሩ ላይ ላከ። ንጉሡ ምክር ቢያስጠይቅ፣ ልጅህን ለአውሬው ካልሰጠህ አገርህ አይድንም ተባለ። ስለዚህ በአፏ ያጠፋችው እናት ከዙፋኗ ሳትነሣ፣ አንዳች ያልተናገረችው ልጅ በባሕር ዳር ከዐለት ጋር ታሰረች። የሜዱሳን ራስ ቆርጦ የሚመለሰው ጎበዝ ፐርሴዎስ በዚያ ሲያልፍ አያት፤ አውሬውን ገድሎ አገባት። አስቀድሞ ታጭታለት የነበረው አጎቷ ፊኔዎስ አውሬው ሳለ ድምፁ አልተሰማም፤ በሠርጉ ግብዣ ላይ ግን ጭፍራውን አስከትሎ መጣ።

ይህች ኢትዮጵያ የትኛዋ ናት? በዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ለሆሜር ኢትዮጵያውያን በዓለም ዳርቻ፣ ከፊሎቹ በፀሐይ መውጫ ከፊሎቹ በፀሐይ መጥለቂያ የሚኖሩ፣ አማልክት ሳይቀሩ ለግብዣ የሚሄዱባቸው ሕዝቦች ናቸው። በኋላ ዘመን ስሙ በተለይ ከግብፅ በስተደቡብ ለነበረው ለኩሽ፣ ማለትም ለሜሮዌ መንግሥት የሚሰጥ ሆነ። ሌሎች ደግሞ ታሪኩን ከነሰንሰለቱ ወደ ፍልስጥኤም ጠረፍ፣ ወደ ኢዮጴ ወሰዱት። አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፈስ የሰንሰለቷ ፋና በዚያ ዐለት ላይ እንደሚታይ ይናገራል። ሮማዊው ሹም ስካውሩስም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ58 ዓመት፣ የዚያ አውሬ ነው የተባለና 40 ጫማ የሚረዝም አጽም ከኢዮጴ አስመጥቶ ለሮማ ሕዝብ አሳየ። የዓሣ ነባሪ አጽም ሳይሆን አይቀርም፤ ተመልካቹ ግን ተደስቶ ወደ ቤቱ እንደ ሄደ አልጠራጠርም።

በእኛ በኩል፣ በ4ኛው ምዕተ ዓመት በአክሱም በቆመው በንጉሥ ዒዛና የድንጋይ ጽሑፍ ላይ ግዕዙ «ሐበሠት» የሚለውን ግሪክኛው «ኢትዮጵያውያን» ይለዋል። ያን ጊዜ አንድሮሜዳ በአቴና መድረክ ላይ ከታሰረች ሰባት መቶ ዓመት አልፏታል። እንግዲህ የትውልድ መንደሯን ከአውራጃዎቻችን በአንዱ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ኢትዮጵያዊት ያሏት እነርሱ ናቸው። ይሁን እንጂ ብለው ቃላቸውን አልጠበቁም።

በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም የሚገኝ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ450 እስከ 440 ባሉት ዓመታት የተሠራ አንድ የአቴና ሸክላ አለ። በላዩ ልዕልቲቱ ለእስር ስትዘጋጅ ይታያል። አገልጋዮቿ በመልካቸው አፍሪካውያን መሆናቸው አያጠራጥርም፤ ሠዓሊው በደንብ አይቷቸዋል። እርሷ ግን የምሥራቅ ሰው ልብስ ከመልበሷ በቀር ፊቷ የአቴናውያን ፊት ነው። ሎሌው ኢትዮጵያዊ፣ እመቤቲቱ ግሪካዊት! ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ በአንዳንድ ግጥሞቹ ጠይም መሆኗን በግልጽ ይናገራል፤ «ሜታሞርፎስስ» በተባለው ታላቅ ሥራው ግን ፐርሴዎስ በመጀመሪያ ሲያያት የእብነ በረድ ሐውልት እንደ መሰለችው ይተርካል። ከዚያ ወዲያ የመጡት ሠዓሊዎች ጠይሟን ትተው እብነ በረዷን መረጡ። ቲሲያን በ1550ዎቹ ለስፔኑ ንጉሥ ለፊሊፕ 2ኛ የሣላትም፣ ሬምብራንት በ1630 ገደማ የሣላትም ነጭ ናት። በ3ኛው ምዕተ ዓመት ስለ ሥዕሎች የጻፈው ፊሎስትራቶስ ነገሩን ሳይሸሽግ፣ በኢትዮጵያ ሆና ነጭ መሆኗ ያስደስታል ብሎ አልፎታል።

ይህን ተቃርኖ ወስዶ ልብ ወለድ ያደረገው ሄሊዮዶሩስ ነው። «ኢትዮጵያዊት ታሪክ» በሚባለው መጽሐፉ የሜሮዌ ንግሥት ፐርሲና፣ በመኝታ ቤቷ የተሰቀለውን የአንድሮሜዳን ሥዕል እየተመለከተች ስለ ፀነሰች ነጭ ልጅ ትወልዳለች። ባሏ እንዳይጠረጥራት ፈርታ፣ ምስጢሩን በኢትዮጵያ ፊደል በመቀነት ላይ ጽፋ ሕፃኒቱን ትጥላታለች። እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ ያስብ። በባዕድ ቀለም የተለወጠው የአንዲት ሴት መልክ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የእናትን ማኅፀን ያዘዘበት፣ እናትም በገዛ ልጇ መልክ የተሸበረችበት ታሪክ ነው። ደራሲው እንደ ተአምር ጽፎታል። እኔ ግን ይህን ባነበብሁ ቁጥር ተአምሩ ሳይሆን በግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል ነው የሚያስፈራኝ።

መልኳ እንዲህ ከሆነ ድምጿስ? በመድረክ ለምንሠራ ሰዎች ይህ ጥያቄ ይበልጣል። ዩሪፒደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ412 ዓመት «አንድሮሜዳ» የተባለ ተውኔት አሳየ። ተውኔቱ ዛሬ የለም፤ ቁርጥራጩ ብቻ ነው የተረፈው። ከቁርጥራጩ እንደምንረዳው ሲጀመር ሌሊት ነው፤ ልጅቱ ብቻዋን ታስራ ታንጎራጉራለች፤ ከዋሻው ውስጥ የገደል ማሚቶ የቃሏን መጨረሻ እየቀነጨበች ትመልስላታለች። ለታሰረ ሰው ከራሱ ድምፅ በቀር ማን ይመልስለታል? ይህን የመሰለ መክፈቻ አግኝቶ የማይቀና ጸሐፌ ተውኔት ያለ አይመስለኝም። በአንድ ቁርጥራጭ ላይ ለሚፈታት ሰው ገረድነትን እንኳ ሳይቀር ታቀርባለች፤ ከአንዱ ሰንሰለት ወደ ሌላው ለመሄድ የተዘጋጀች ትመስላለች። ነገር ግን ስለ ከዋክብት አፈ ታሪክ የጻፉት የጥንት ሰዎች ዩሪፒደስን ጠቅሰው እንደሚነግሩን፣ ከተፈታች በኋላ ከአባትና ከእናቷ ጋር መቅረትን እምቢ ብላ፣ በገዛ ፈቃዷ ፐርሴዎስን ተከትላ ሄዳለች። ለአውሬ የሰጧትን ወላጆች ፊት ለፊት ቆማ ምን አለቻቸው? በእኔ ግምት የተውኔቱ ልብ ያ ንግግር ነበር። ያ ንግግር ከጠፉት ውስጥ ነው።

ሰዉ ተውኔቱን እጅግ ወዶት እንደ ነበር ሉቂያኖስ በቀልድ ይተርካል። የአብዴራ ከተማ ነዋሪዎች በበጋ ወራት ካዩት በኋላ ትኩሳት ይዟቸው በየመንገዱ ስንኞቹን ሲያንበለብሉ ከረሙ፤ የተዋቸው ብርዱ ሲመጣ ነው ይላል። ትኩሳቱስ በወደደን!

ከዚያ ሌሊት እንጉርጉሮ የተረፈልንን ብዙውን ክፍል ያቆየልን ግን ወዳጅ አይደለም። ተውኔቱ በታየ በዓመቱ፣ በ411፣ ቀልደኛው አሪስቶፋነስ በኮሜዲው ዩሪፒደስን መሳቂያ አደረገው። የሴት ልብስ የለበሰ አንድ ሽማግሌ ከሣንቃ ጋር ታስሮ፣ ዘበኛ አጠገቡ ቆሞ፣ የአንድሮሜዳን ሙሾ ያወርዳል፤ ገደል ማሚቶዋም ቃሉን እየነጠቀች ታበሽቀዋለች። በመጀመሪያውም ተውኔት ቢሆን፣ በአቴና ሥርዓት ሴት መድረክ ስለማትወጣ፣ ጭምብል አጥልቆ የዘመረው ወንድ ነበር። ዛሬ አንዲት ወጣት ተዋናይት የአንድሮሜዳን ቃል ልትናገር ብትፈልግ፣ ከዚያ ሽማግሌ አፍ እየለቀመች፣ ሣቁን ከሙሾው እየለየች መጀመር ይኖርባታል።