«እምቢ» ያሉት ጎል አግቢ

ቅዳሜ ከሰዓት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም መሀል ያለው አቧራ ሜዳ ላይ ብቅ ብትሉ ልጆቹ ያልለበሱት የክለብ ማሊያ የለም፡፡ አርሴናል አለ፣ ማንቼ አለ፣ ባርሳ አለ… አንዱን ጠርታችሁ «ይድነቃቸው ተሰማን ታውቃቸዋለህ?» ብትሉት «የየት ክለብ ናቸው?» ብሎ መልሶ ሊጠይቃችሁ ይችላል፡፡ አይፈረድበትም! እኛ ራሳችን ከስማቸው ቀጥሎ ትዝ የሚለን አንድ ዋንጫ ብቻ ነው፡፡ እኔ የምለው ግን፣ ጋሽ ይድነቃቸው ትልቁን ግጥሚያ ያሸነፉት ዋንጫ በማንሳት ሳይሆን «እምቢ» በማለት ነው፡፡

ነገሩን ከሥሩ እንየው፡፡ በ1914 ዓ.ም ጅማ ተወለዱ፡፡ አባታቸው ድምፃቸውን ጀርመን ሀገር በሸክላ ያስቀረጹት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፡፡ ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም አራዳ ላይ ሲመሠረት ይድነቃቸው ገና ጎረምሳ ነበሩ፡፡ ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ፤ ሜዳውንም በቆዳ ቀለም ከፈለው፡፡ ነጭ ከነጭ፣ ጥቁር ከጥቁር! ጊዮርጊስም ስሙን ተነጥቆ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ፡፡ እንግዲህ የኛ ሰው ኳስን የተማሩት እንዲህ ባለ ሜዳ ነው፡፡ ይህንን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን፡፡

ጣሊያን ተባረረ፡፡ በ1936 ዓ.ም በተደረገው የመጀመሪያው ሻምፒዮና ጊዮርጊስ ከግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ ከአርመኖቹ አራራት፣ ከጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና ከእንግሊዝ ጦር ቡድን ጋር በአንድ ሜዳ ተሰለፈ፡፡ ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው፤ ቁም ነገሩ ግን ቀለም የማይጠየቅበት ውድድር መሆኑ ነበር፡፡ ይድነቃቸው ለጊዮርጊስ 23 ዓመት ያህል ተጫውተው በ365 ግጥሚያ 318 ጎል እንዳገቡ ይነገራል፡፡ (የዛሬ አጥቂዎቻችን ይህን ባያነቡ ይሻላል፡፡)

የካቲት 1949 ዓ.ም፣ ካርቱም፡፡ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ ማለትም ካፍን፣ ሊመሠርቱና የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ ሊጫወቱ ነው፡፡ ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ናቸው፡፡ ደቡብ አፍሪካ ግን «ወይ ነጭ ብቻ፣ ወይ ጥቁር ብቻ እንጂ የተቀላቀለ ቡድን አላመጣም» አለች፡፡ አያችሁ? ያ የልጅነት ሜዳ ተመልሶ መጣ! ካርቱም ላይ የተሰጠው መልስ «እንግዲያው አትጫወቺም» የሚል ሆነ፡፡ የሚገርመው የደቡብ አፍሪካ ተጋጣሚ ኢትዮጵያ ነበረች፡፡ ሳንጫወት ፍጻሜ ገብተን በግብፅ 4 ለ 0 ተረታን፡፡

ከአምስት ዓመት በኋላ ያቺ የምናስታውሳት ዋንጫ መጣች፡፡ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ በአሠልጣኝ ይድነቃቸው የሚመራው ቡድናችን በተጨማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 አሸነፈ፡፡ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ከጃንሆይ እጅ ዋንጫውን ተቀበለ፡፡ ይህንን ሁላችንም ስለምናውቀው እንለፈው፡፡

ሁለተኛው «እምቢ» ለፊፋ ነው፡፡ ለ1958ቱ የእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ አፍሪካ አንድም የራሷ ቦታ አልነበራትም፤ የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያና ከኦሺኒያ አሸናፊ ጋር እንደገና ይጋጠም ተባለ፡፡ ይድነቃቸውና ጋናዊው ኦሄኔ ጃን ግንባር ቀደም ሆነው ተቃወሙ፤ የአፍሪካ ቡድኖችም ከማጣሪያው ወጡ፡፡ ሰሚ ተገኘ! ከ1962ቱ የሜክሲኮ ዋንጫ ጀምሮ አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም ሄደች፡፡ ዛሬ ለሴኔጋል፣ ለጋናና ለሞሮኮ ቡና ቤት ተቀምጠን ስንጮህ፣ ከጩኸቱ ውስጥ የጋሽ ይድነቃቸው ድርሻ አለበት፡፡

በ1964 ዓ.ም የካፍ ፕሬዚዳንት ሆኑ፡፡ ዘር የሚለየው የደቡብ አፍሪካ ፌዴሬሽን ከፊፋ እንዲወጣ ሳይታክቱ ተሟገቱ፤ በ1968 ዓ.ም ሞንትሪያል ላይ ተባረረ፡፡

ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም አረፉ፡፡ አፓርታይድ ሲወድቅ አላዩም፡፡ በ1984 ዓ.ም ደቡብ አፍሪካ ወደ ፊፋ ስትመለስም አላዩም፡፡ በ2002 ዓ.ም ጥቁርና ነጭ በአንድ ስታዲየም ቩቩዜላ እየነፋ የዓለም ዋንጫን ጆሃንስበርግ ላይ ሲያስተናግድም አላዩም፡፡ ያ በር እስኪስተካከል ድረስ ተዘግቶ እንዲቆይ ከጠበቁት ሰዎች አንዱ ግን እሳቸው ናቸው፡፡

እና ወዳጆቼ… ቅዳሜ ሜዳው ላይ ያ ልጅ «የየት ክለብ ናቸው?» ካላችሁ፣ «የጊዮርጊስ» ብላችሁ ብቻ አትለፉት፡፡ ቁጭ በሉና ንገሩት፡፡