1780 የሚለው ጠገራ ብር

ውሃ ውስጥ የሚሠራ ሜታል ዲቴክተር ለመግዛት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የትኛው ጠልቆ ይሰማል፣ የትኛው ወርቅን ከቆርኪ ይለያል ብሎ ነው። ባሕር ዳርቻ ባላቸው አገሮች ነገሩ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ነው፤ ዋናተኛ የጣለውን ቀለበት፣ ማዕበል የገለጠውን ሳንቲም መልቀም። እኛ የባሕር ዳርቻ ባይኖረንም የተቀበረ ሀብት ወሬ ግን አላጣንም። በእንስራ ሞልቶ ጓሮ የተቀበረ ጠገራ ብር፣ ጣሊያን ሲሸሽ ትቶት ሄደ የሚባለው ሣጥን፣ ከግራኝ ዘመን ጀምሮ በጣና ደሴቶች ተሸሸገ የሚባለው ንዋየ ቅድሳት በየቡና ቤቱ ሲወራ ይሰማል። ወሬው ባለበት መሣሪያው መምጣቱ አይቀርም። እንግዲህ የትኛውን ልግዛ ከሚለው ጥያቄ የሚቀድም ሌላ አለ፤ ከመሬት ወይም ከውሃ የወጣ ብረት ምን ሊነግረን ይችላል? የዚህ ጽሑፍ መልስ፣ ብረት የሚናገረው ከነበረበት ቦታና አብረውት ከነበሩት ነገሮች ጋር ሲታይ ነው፤ ለብቻው ከወጣ ዝም ይላል፣ አንዳንዴም ይዋሻል የሚል ነው። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ አራዳ ይበቃል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የከተማዋ ንግድ እምብርት ዛሬ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ባለበት አካባቢ የተዘረጋው የአራዳ ገበያ ነበር። ቡናው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ማሩና ቆዳው የሚሸጠው በጠገራ ብር ሲሆን ለመልስና ለጥቃቅን ግብይት አሞሌ ጨው ያገለግል ነበር። ጠገራው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ የተቀረጸበት፣ ወርዱ አራት ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 28 ግራም፣ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር የሆነ ገንዘብ ነው። በአንድ ገጹ ንግሥቲቱ ደረቷና ትከሻዋ ጎልቶ፣ ልብሷ በፈርጥ ተይዞ ትታያለች፤ በሌላው ባለ ሁለት ራስ ንስር አለ። ነጋዴው ገንዘቡን ሲቀበል ጣቱን በፈርጡ ላይ ያሳልፋል፤ በዙሪያው ያሉት የዕንቁ ነጠብጣቦች ካልተለዩ ወይም ፊቷ ካለቀ አልቀበልም ይላል፣ ወይም ዋጋውን ይቀንሳል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን መልክና አንበሳ የያዘ ብር ፓሪስ አሠርተው ቢያስመጡም፣ ክብደቱ ከጠገራው ጋር የሚስተካከል ሆኖ ሳለ ገበያው የለመደውን አልተወም። በየካቲት 1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲንያ ባንክም ቢሆን ከጠገራው ጋር መኖር ግድ ሆኖበታል። ስለዚህ አንድ ሰው ዛሬ በአሮጌው የከተማ አፈር ውስጥ የብር ገንዘብ ቢያገኝ፣ የሚያገኘው ጠገራ መሆኑን መገመት አያዳግትም።

ችግሩ የሚጀምረው የሚያገኘው ሰው በላዩ ያለውን ዓመት ሲያነብ ነው። ጠገራው ላይ 1780 ተጽፏል። ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለንግድ የተመታው ጠገራ ሁሉ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ቀጥሏል። ነጋዴው የለመደው መልክ እንዳይለወጥበት ስለሚፈልግ መቺዎቹም አልነኩትም። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ በ1935 እ.ኤ.አ. ቅርጹን ከኦስትሪያ ተረክቦ ሮም ውስጥ ያስመታ ጀመር፤ ከዚያ ወዲህ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ በርሚንግሃምና ቦምቤይም መትተዋል። ሁሉም 1780 ይላል። እንግዲህ የአራዳ ገበያ በነበረበት ፒያሳ ላይ መሠረት ሲቆፈር የተገኘ ጠገራ ከከተማዋ መቆርቆር በ106 ዓመት እንደሚቀድም በራሱ ፊት ይመሰክራል፤ የተመታው ግን ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘባቸው ዓመታት ሊሆን ይችላል። ከዚህ በላይ ጥርት ያለ የውሸት ምስክርነት ማግኘት ያስቸግራል።

አዋቂ ሰብሳቢ እዚህ ላይ ይከራከራል። በፈርጡ ዙሪያ ያሉትን ዕንቁዎች ብዛት፣ የንስሩን የጅራት ላባ አደራደር አይቶ ይህ የሮም ነው፣ ይህ የቦምቤይ ነው ብሎ መለየት ይቻላል ይላል፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን ይህ እውቀት የሚነግረን ገንዘቡ የት እንደተሠራ ነው። መቼ አራዳ እንደደረሰ፣ ማን እንደቀበረው፣ ከምን ሽሽት ወይም በምን ተስፋ እንደተቀበረ አይነግረንም። ያንን የሚነግረን ከጎኑ የነበረው ነገር ነው። በአንድ ማሰሮ ውስጥ ጠገራው ከምኒልክ ግርሽ ጋር ብቻ ከተገኘ አንድ ታሪክ ነው፤ ከጣሊያን ሊሬ ጋር ከተገኘ የተቀበረው ከወረራው ወዲህ ነው ለማለት ያስችላል። ማሰሮው ከጣሊያን ዘመን የድንጋይ ንጣፍ በታች ከተገኘና ንጣፉ ካልተነካ ደግሞ የተቀበረው ንጣፉ ከመነጠፉ በፊት ነው። ማሰሮውን ሰብሮ ብሩን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ብሩን አግኝቷል፤ ዘመኑን ግን እዚያው ጥሎት ሄዷል።

የዚያ ሁሉ ብር መጨረሻም ለፈላጊው ተስፋ የሚሰጥ አይደለም። ጠገራው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ጥሬ ዕቃም ነበር። አንጥረኛው አቅልጦ መስቀል፣ አምባር፣ አልቦ፣ የጆሮ ጉትቻ ያወጣበታል፤ ሙሉውን ጆሮ ተበጅቶለት በማተብ የሚያንጠለጥለውም ነበር። ሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ከወረቀቱ ጋር የ50 ሳንቲም የብር ገንዘብ ተሠራ፤ ጠገራውም ከሕጋዊ መገበያያነት ወጣ። ከዚያ ወዲህ ያለው ጉዞው በአብዛኛው ወደ ባንክ፣ ወደ ውጭ አገርና ወደ አንጥረኛ ምድጃ ነው። የፒያሳ ወርቅ ቤቶች አሮጌ ጠገራ በሚዛን ሲገዙ ወይም በመስታወት ውስጥ ሰቅለው ሲሸጡ ኖረዋል። የአራዳ ብር አብዛኛው ከመሬት በታች የተኛ ሀብት ሳይሆን መልኩን እየለወጠ ከእጅ ወደ እጅ የዞረ ነው።

የብረትን ከቦታ ጋር መነጋገር ከጠገራው በፊት የነበሩ ግኝቶችም ያሳያሉ። በ1944 ዓ.ም. የተቋቋመው የአርኪዮሎጂ ተቋም ባለሙያ ፍራንሲስ አንፍሬ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ መጠራ የተባለውን ጥንታዊ ስፍራ በቆፈሩ ጊዜ፣ በአንድ የነሐስ ዕቃ ውስጥ 14 የሮም የወርቅ ሳንቲሞች ተገኙ። የሳንቲሞቹን ፊት ብቻ ያየ ሰው የሁለተኛውና የሦስተኛው ክፍለ ዘመን የንግድ ገንዘብ ናቸው ብሎ ይጨርሳል። ነገር ግን ማንጠልጠያ ተበጅቶላቸው የአንገት ጌጥ ሆነዋል፤ በዚያው ዕቃ ውስጥም የወርቅ መስቀሎች ነበሩ። ስለዚህ ዕቃው የተደበቀው ክርስትና ከገባ በኋላ፣ ሳንቲሞቹ ከተመቱ ከብዙ ዘመን ወዲህ ነው። ያ መደምደሚያ የወጣው ከወርቁ አይደለም፤ ወርቁ ከመስቀሉ ጋር አንድ ላይ ከመገኘቱ ነው። ባሕር ማዶ በየመን አል ማዳሪባ የተገኘው ክምችትም እንዲሁ ነው፤ የአክሱም ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ከሮማውያን ሳንቲሞች ጋር በብዛት ባይገኙ ኖሮ የሁለቱ ገንዘብ ጎን ለጎን መዞሩን በዚያ ልክ መናገር ባልተቻለ ነበር። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም በዓለም የታወቀበት ሀብት ደግሞ ብረት የሚባል ነገር የለበትም። የድንቅነሽን ዕድሜ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ለማለት ያስቻለው በዙሪያዋ የነበረው የእሳተ ገሞራ አመድ ድርብርብ ነው። ምርጥ የተባለው ዲቴክተር በላይዋ ቢያልፍ ምንም ድምፅ አያሰማም ነበር።

መሣሪያው የሚሰማውና የማይሰማው ከአሠራሩ ይታወቃል። በጥቅልል ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ መስኩ ያገኘው ብረት ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያስነሳል፤ መሣሪያው ያንን መልስ ያዳምጣል። በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራው ዓይነት በደረቅ አፈር ብረትን ከብር ለመለየት ይረዳል፤ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ግን ውሃው ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ይደናገራል። ፐልስ ኢንዳክሽን የሚባለው ዓይነት ሞገዱን ልኮ ጸጥ ካለ በኋላ ስለሚያዳምጥ የባሕር ጨውንም፣ ብረት አዘል ቀይ አፈርንም ይችላል፤ በምትኩ ምስማሩንም ወርቁንም በአንድ ድምፅ ይጠራል። ባለ ብዙ ፍሪኩዌንሲው በሁለቱ መካከል ያለ ሲሆን ዋጋው ይወደዳል። ምርጫው ለውሃው ዓይነት ነው፤ ለጨው ባሕር የሚያስፈልገው ለላንጋኖ ወይም ለጣና ዳር ላያስፈልግ ይችላል። ከእነዚህ አንዱም ግን ዕድሜን አይሰማም። ከሳንቲም ጎን ያለውን የሸክላ ስባሪ፣ ከሰል፣ አጥንት፣ የተቃጠለ ወለል አይሰማም። ለአራዳማ ፈተናው ይብሳል፤ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በቆርቆሮና በምስማር የተሠራች ከተማ አፈሯ ራሱ ዲቴክተሩን ሲያስጮኸው ይውላል።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ የፈላጊው ሳይሆን የዶዘሩ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳና የአራት ኪሎ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ስንት አፈር በገልባጭ መኪና እንደተጫነ ያየ ሰው፣ አንድ ሰው ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ ቢዞር ምን ይጎዳል ሊል ይችላል። ዶዘሩ ያጠፋውን ያህል ዲቴክተር እንደማያጠፋ መካድ አይቻልም። ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው ለፈላጊው ፈቃድ መስጠት አይደለም፤ ከዶዘሩ በፊት መሬቱን የሚያይ ሰው መመደብ ነው። የመጀመሪያው ጥፋት ለሁለተኛው ማስረጃ አይሆንም። ሁለተኛው ተቃውሞ መሣሪያውን ራሱን የሚመለከት ነው፤ ክርክሩ መሣሪያውን ከሥልጣኔ ውጭ ያስቀምጣል የሚል። አያስቀምጥም። በአሜሪካ ሊትል ቢግሆርን በተባለው የጦር ሜዳ አርኪዮሎጂስቶች በ1984 እ.ኤ.አ. በሜታል ዲቴክተር እየተመሩ፣ የተገኘው ቀለህና ጥይት ሁሉ የወደቀበትን ነጥብ በካርታ ላይ ጻፉ፤ በዚህም ተዋጊዎቹ ከየት ወዴት እንደተንቀሳቀሱ ማወቅ ተቻለ። ቀለሁ በኪስ ገብቶ ቢሆን ያ እውቀት አይኖርም ነበር። በአገራችንም ፈንጂ አምካኞች ይህንኑ ዓይነት መሣሪያ የሚጠቀሙት መሬቱን በመስመር ከፍለው፣ ያለፉበትን ምልክት እያደረጉ ነው። የካቲት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የተከፈተው የዓድዋ መታሰቢያ የሚዘክረው ጦርነት የተካሄደባቸው ተራሮች በዚህ ሥርዓት ቢጠኑ፣ ከአፈ ታሪክና ከጸሐፊ ዘገባ ጎን የሚቆም የሜዳ ማስረጃ ይገኝ ነበር። በግለሰብ ፈላጊዎች አስቀድሞ ከተለቀሙ ግን የሚጠና ነገር አይተርፍም።

ሦስተኛው ተቃውሞ የጥቅም ነው፤ ያገኘ ሰው ካልተሸለመ ለምን ይናገራል? ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። እንግሊዝ በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የሀብት ግኝት ሕግ ያገኘውን ላሳወቀ ሰው ዋጋ ስለሚከፈል ብዙ ግኝት ከነቦታው ይመዘገባል። እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ50 ዓመት በላይ ተደብቆ የቆየና ባለቤቱ ያልታወቀ ሀብት ሲገኝ ለአግኚው ድርሻ ያስባል፤ የጥንት ቅርሶችን ግን ለልዩ ሕግ ይተዋል። የ1992ቱ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ደግሞ በግንባታ ወይም በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና እንዳለ ጠብቆ እንዲያቆይ ያዛል፤ ላስረከበውም ሽልማት እንዲሰጥ ይደነግጋል። ቁም ነገሩ ያለው «እንዳለ ጠብቆ» በሚለው ትእዛዝ ላይ ነው። ሽልማቱ የሚገባው ለብረቱ ክብደት ሳይሆን ቦታው ሳይረበሽ ለመቆየቱ ነው። ክፍያው በወርቅ ቤት ሚዛን ከታሰበ አግኚው አንጥረኛውን ይመርጣል፤ ባልተነካ ቦታ ከታሰበ ግን አለመቆፈር ያዋጣዋል።

እንግዲህ መሣሪያ መምረጥ ለሚፈልግ ሰው ምክሩ ሁለት ነው። ዋናተኞች በሚበዙበት ዳርቻ የትናንትናውን ቀለበት ለመፈለግ ከሆነ የውሃውን ዓይነት አይቶ ይግዛ፣ የዳርቻውን ባለቤት አስፈቅዶ ይፈልግ፣ የቆፈረውን ይድፈን፤ ያገኘው ቀለበትም ባለቤት ያለው መሆኑን አይርሳ። ገዳም ባለበት ደሴት፣ በአሮጌ ሰፈር ፍርስራሽ ወይም በጦር ሜዳ ላይ ከሆነ ግን ትክክለኛ የሚባል ሞዴል የለም። እዚያ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሜትርና ካርታ ይዞ የሚመዘግብ ባለሙያ ነው፤ ከተማው ለግንባታ ቁፋሮ ፈቃድ ሲሰጥ ይህን ባለሙያ በግዴታ ቢያስገባ፣ ዲቴክተሩ በእሱ እጅ ለጥበቃ ይውላል።