አንድ ሳንቃ፣ ብዙ አካሄድ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አካባቢ «በረዶ» ሲባል በክረምት ከነጎድጓድ ጋር ወርዶ ማሳ የሚያወድመው ጠጠር መሰል ነገር ነው እንጂ፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ ምድርን የሚያለብሰው አይደለም፡፡ ይሁን እንጂ ይህ ሁለተኛው በረዶ ለአገራችን ፈጽሞ ባዕድ አልነበረም፡፡ በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለው ነጋዴ ከአዱሊስ ገልብጦ ያቆየልን የአንድ ንጉሥ ጽሑፍ፣ የስሜን ተራሮች ሰው እስከ ጉልበቱ በሚሰጥምበት በረዶ የተሸፈኑ መሆናቸውን ይናገራል፡፡

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ በዚያ ዓይነቱ በረዶ ላይ ቆመው የሚንሸራተቱበት፣ ባዕዳን «ስኖውቦርድ» የሚሉት ሳንቃ ነው፡፡ ከቡሬ ወደ ዓባይ በረሃ ለሚወርድ መንገደኛ በቅሎ፣ ለጉግስ ሜዳ ደግሞ ፈረስ እንደሚመረጥ ለሚያውቅ የጎጃም ሰው፣ መሣሪያ እንደ መሬቱና እንደ አካሄዱ መለያየቱ አዲስ ነገር አይሆንበትም፡፡ የሚደንቀው ልዩነቱ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ መፈጠሩ ነው፡፡

ነገሩ የተጀመረው በልጆች ጨዋታ ነው፡፡ በ1965 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሚሺጋን የሚኖረው ሸርማን ፖፐን ለሴቶች ልጆቹ ሁለት ስኪዎችን ጎን ለጎን አጣምሮ «ስነርፈር» የተባለውን መጫወቻ ሠራ፡፡ እግር የሚታሰርበት ነገር አልነበረውም፤ ኋላም ከአፍንጫው ላይ የሚያዝ ገመድ ታከለበት፡፡ በ1970ዎቹ ዲሚትሪዬ ሚሎቪች በዩታ ተራሮች ለሚወርደው ዱቄት መሰል በረዶ ሰፊ አፍንጫና እንደ ወፍ ጭራ የተሰነጠቀ መጨረሻ ያለው ሳንቃ አወጣ፤ አፍንጫው ካልሰፋና ጭራው ካልሰጠመ ተንሸራታቹ በለስላሳው በረዶ ውስጥ ይቀበራልና፡፡ ጄክ በርተን ካርፐንተርም በ1977 በቬርሞንት ፋብሪካ ከፍቶ እግርን ከሳንቃው ጋር የሚያያይዝ ማሰሪያ ያለው ሳንቃ ለገበያ አቀረበ፡፡

ከዚህ በኋላ መንገዱ ተከፈለ፡፡ ለፍጥነት የሚወዳደሩት ጠባብ፣ ረዥምና ግትር ሳንቃ ከጠንካራ ጫማ ጋር መረጡ፤ ጠርዙ የጠጠረውን በረዶ እንደ ቢላዋ እንዲቆርጥላቸው ነው፡፡ በአየር ላይ ለሚገለባበጡት ግን ይህ ሳንቃ አደጋ ነው፡፡ እነርሱ አጠር ያለና የሚለመጥ፣ በተለይም ፊቱና ኋላው አንድ ቅርጽ የሆነ ሳንቃ ይሻሉ፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ቢያርፉም ሳይደናቀፉ ይቀጥላሉና፡፡ በ1998 ሳንቃው በናጋኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ሲገባ የቀረቡት ሁለት ውድድሮች፣ የቁልቁለት ጥምዝምዝ ሩጫና የግማሽ ቱቦ ትርኢት፣ እነዚህን ሁለት ወገኖች የሚወክሉ ነበሩ፡፡ በ1990ዎቹ ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ ዳገት የሚወጡበት፣ ከጫፍ ሲደርሱም ተጋጥሞ የሚወርዱበት ሳንቃ ተጨመረ፡፡ በእኔ ግምት ከሁሉ ብልሃት የሚታይበት ይኸኛው ነው፡፡

የሳንቃው ታላቅ ወንድም የሆነው ስኪም ይህንኑ ሕግ ይከተላል፤ ኢትዮጵያም ነገሩን ያወቀችው በስኪ በኩል ነው፡፡ አዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ ሌክ ፕላሲድ ስኪ የተማረው ሮቤል ተክለማርያም፣ በ2006 በቶሪኖ ለአገሩ የመጀመሪያው የክረምት ኦሎምፒክ ተወዳዳሪ ሆኖ በ15 ኪሎ ሜትር 83ኛ ወጣ፤ በ2010 በቫንኩቨር በዚያው ርቀት 93ኛ ሆነ፡፡ ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው «አሽቆለቆለ» ቢል አይፈረድበትም፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም፡፡ የቶሪኖው ውድድር በነባሩ ስልት፣ በተቀደደ ቦይ ውስጥ እንደ እርምጃ የሚኬድ ነበር፤ ስኪው ረዥም ሆኖ ከእግር ሥር በረዶውን የሚጨብጥ ሰም ይቀባል፡፡ የቫንኩቨሩ በነፃ ስልት፣ እግርን ወደ ጎን እየገፉ የሚኬድ ነው፤ ስኪው አጠር ያለና ግትር፣ የሚጨብጥ ሰም የሌለው ነው፡፡ ርቀቱ አንድ ይሁን እንጂ ውድድሩ ሁለት ነው፡፡ ሮቤል በአዲስ አበባ ሲለማመድ የተጠቀመበት መሣሪያ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ነበር፤ ከፊትና ከኋላ ጎማ የተገጠመለት፣ በአስፋልት ላይ የሚሄድ ስኪ፡፡