«የራስ ጠበቃ»፦ በጁሪ ፊት ራሱ የሚሟገት ተከሳሽ

የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ጠበቃ ሳያቆም ጉዳዩን ራሱ የሚሟገተውን ሰው «ፕሮ ሴ» ይሉታል፤ በላቲን «ለራሱ» ማለት ነው። በአማርኛ የለመድነው «ያለ ጠበቃ የሚከራከር» የሚለው አጠራር ነው። «የራስ ጠበቃ» ቢባል ይሻላል እላለሁ፤ በተለይ ነገሩን ከጁሪ ወንበር ለሚያየው። ጁሪ ከተራው ዜጋ ተመርጦ ተከሳሹ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን የሚወስን፣ በአብዛኛው 12 ሰዎች ያሉት ጉባኤ ነው፤ የአሜሪካ ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊም ሊጠራበት ይችላል። «ያለ ጠበቃ» የሚለው የጎደለውን ብቻ ይነግረናል። የጁሪው ችግር ግን ተከሳሹና ጠበቃው አንድ ሰው መሆናቸው ነው።

ጠበቃ በመክፈቻ ንግግሩም ሆነ በመስቀለኛ ጥያቄው የሚለው ነገር ማስረጃ አይደለም፤ ችሎት ላይ ከሚነገረው ማስረጃ የሚሆነው ምስክር ምሎ የሚሰጠው ቃል ነው። የራስ ጠበቃ የሆነ ተከሳሽም ሳይምል እስከተናገረ ድረስ ንግግሩ የጠበቃ ንግግር ነው። ኮሊን ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1993 በሎንግ አይላንድ ባቡር ውስጥ ተኩሶ 6 ሰዎችን ገድሏል ተብሎ ሲከሰስ፣ ከጥቃቱ የተረፉትን ቁስለኞች በመስቀለኛ ጥያቄ የጠየቃቸው ራሱ ነበር። እንዲህ ያለውን የሰማ የጁሪ አባል ጥያቄውን እንደ እምነት ቃል፣ ድፍረቱን እንደ ጥፋት ምልክት እንዳይቆጥር መታገል አለበት። ባለጉዳዩ ራሱ ቆሞ በአንደበቱ ሲረታ የሚደነቅበት የበላ ልበልሃ ሙግት ትዝታ ላለን ለእኛ ደግሞ ፈተናው በተቃራኒው በኩልም ይመጣል፤ ርቱዕ አንደበት እውነት ሊመስለን ይችላል።

«ሰው ዓይኑ እያየ፣ ጆሮው እየሰማ እንዴት እንዳላየ ይሁን?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ተከሳሽ ግን የምስክርነት ቃል ያለመስጠት መብት አለው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1965 በግሪፊን ጉዳይ ከወሰነ ወዲህ ዐቃቤ ሕግ ይህን ዝምታ የጥፋት ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ አይችልም። የሙግት ንግግሩ እንደ ምስክርነት ከተቆጠረበት፣ ራሱን የመወከል መብቱን የገዛው በዝምታ መብቱ ይሆናል። የሙግቱ ድክመትም የዐቃቤ ሕግን ማስረጃ ጠንካራ አያደርገውም። ፍሎሪዳ ውስጥ ክላረንስ ጊዲየን በ1961 ጠበቃ ጠይቆ ስለተከለከለ ሳይወድ በግድ ራሱ ተሟገተ፤ ጥፋተኛ ተብሎም 5 ዓመት ተፈረደበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1963 ፍርዱን ከሻረ በኋላ በዚያው ክስ ዳግም ሲቀርብ፣ ጠበቃው የዋናውን ምስክር ቃል ፈተነው፤ ሁለተኛው ጁሪም በነጻ አሰናበተው። የመጀመሪያው ጁሪ በሚገባ ያልተፈተነ ማስረጃ ይዞ እንደፈረደ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ታዲያ እንዲህ የሚጎዳ መብት ለምን ይፈቀዳል? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1975 በአንቶኒ ፋሬታ ጉዳይ፣ መከላከያው የተከሳሹ የራሱ ስለሆነ ጠበቃ በግድ ሊጫንበት አይገባም ብሏል፤ በ2008 ደግሞ ከባድ የአእምሮ ሕመም ኖሮበት ራሱን መወከል የማይችለውን ፍርድ ቤት እንዲከለክል ፈቅዷል። ጉዳቱም ሁልጊዜ የታሰበውን ያህል አይደለም። የሕግ ምሁሯ ኤሪካ ሃሺሞቶ በ2007 ያሳተሙት ጥናት፣ በክፍላተ ግዛት ፍርድ ቤቶች በከባድ ወንጀል ተከሰው ራሳቸውን የወከሉ ሰዎች ጠበቃ ካላቸው የከፋ ውጤት እንዳላገኙ አሳይቷል። ስለዚህ የጁሪ አባል ተከሳሹን ገና ሲነሳ «ጅል» ወይም «እብድ» ብሎ ለመፈረጅ መሠረት የለውም።

«ጠበቃ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ስለሆነ ስሙ ለተከሳሽ አይሰጥም» የሚሉ ይኖራሉ። እዚህ ግን የምንሰይመው በችሎቱ የያዘውን ቦታ ነው። የፋሬታ ውሳኔ ራሱን የሚወክል ሰው እንደማንኛውም ጠበቃ ለችሎቱ ሥርዓት እንዲገዛ ያስገድዳል፤ ሲሸነፍም «ጠበቃዬ በቂ አልነበረም» ብሎ የራሱን ድክመት የይግባኝ ምክንያት ማድረግ አይችልም።